ጋራዥ ውስጥ የተወለደ አልበም

ቢትልስን እየወደደ ኤሚት ሮድስን ያልሰማ ሰው ሲያጋጥመኝ ይቆጨኛል። ሮድስ ካሊፎርኒያ ሐውቶርን ውስጥ፣ በወላጆቹ ጋራዥ ባለአራት ትራክ መቅጃ አስገብቶ በራሱ ስም የሚጠራውን አልበም ሲሠራ ዕድሜው ሃያ ዓመት ገደማ ነበር። ፒያኖውን፣ ጊታሩን፣ ቤዙን፣ ከበሮውን የተጫወተው እሱ ነው፤ ተቀባዮቹም እሱው። አልበሙ በ1970 እ.ኤ.አ. ወጣ።

አንድ ሰው ብቻውን የቀዳው ሙዚቃ ብዙ ጊዜ ይደርቃል፤ መሣሪያዎቹ ለየብቻ ስለሚገቡ እርስ በርስ አይደማመጡም። የሮድስ ግን ይደማመጣሉ። «ዊዝ ማይ ፌስ ኦን ዘ ፍሎር» በተሰኘው ዘፈን ላይ ፒያኖው እየፈነጠዘ ይገባል። ቤዙን ለይታችሁ ስሙት፦ ምት ከመጠበቅ አልፎ የራሱን ዜማ ያዜማል። የሮድስ ድምፅ ደግሞ በራሱ ላይ ሲደራረብ ጓደኛሞች ተሰብስበው የሚያዜሙ ነው የሚመስለው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያናድዳል። ከአሳታሚው ጋር የገባው ውል በየስድስት ወሩ አንድ አልበም ይጠይቅ ነበር፤ ሁሉን በእጁ ለሚሠራ ሰው እንዴት ይቻላል? ሲዘገይ አሳታሚው ከሰሰው። በ1973 የውሉን ሦስተኛ አልበም አወጣ፤ ቀጣዩ አዲስ አልበሙ የመጣው በ2016 ነው። በ2020 አረፈ።

ዛሬ መኝታ ቤቱ ውስጥ በላፕቶፕ ለሚቀዳ ወጣት ብቻን መሥራት ብርቅ አይደለም። የተበላሸውን በአንድ ቁልፍ ይመልሰዋል። ሮድስ የነበረው ቴፕና አራት ትራክ ነው፤ በእንዲህ ያለ መቅጃ ቦታ ሲያልቅ የተቀዳውን ወደ አንድ ትራክ መጠቅለል ግድ ነው፣ ከተጠቀለለ በኋላ ደግሞ ከበሮው ጮኸ ብሎ መለየት የለም።

ለሮድስ ሙዚቃ ጀማሪ ከሆናችሁ «ፍሬሽ አዝ ኤ ዴይዚ» የሚለውን ዘፈኑን አስቀድሙ።