ውሃው ከድንጋዩ ይምጣ

"ጋሼ፣ በቀን ስንት ጊዜ ልርጨው?" አለችኝ ችግኝ ጣቢያችን የገባችው አዲሷ ልጅ። ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። እዚህ እስራኤል፣ ኔጌቭ በረሃ ያለን አትክልተኞች አዲያንተም ካፒለስ ቬነሪስ የሚባለው ፈርን ሲነሳ ለሁለት እንከፈላለን። ሌሎቹ "አየሩን አርጥብ" ይላሉ፤ እኔ "ሥሩን" እላለሁ።

ማስረጃዬ ኤን ጌዲ ነው። ከባሕር ወለል ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በተኛው ሙት ባሕር ዳር፣ አየሩ ከንፈር በሚሰነጥቅበት በረሃ፣ የናሐል ዳዊድ ፏፏቴ ግድግዳ ይህን ፈርን ለብሷል። በይሁዳ ተራሮች የጣለው ዝናብ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ እዚያ ይወጣል። ሲንጠባጠብም የተሸከመውን ኖራ እየተወ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ይሠራል፤ ሥሩ የሚይዘው ይህንን ነው። "ፏፏቴ አጠገብ እኮ አየሩም እርጥብ ነው" ይሉኛል። ይሁን። ታዲያ እዚያው አጠገብ፣ ውሃ የማይነካው ደረቅ ድንጋይ ላይ ለምን አይበቅልም?

ቅጠሉ ላይ ውሃ ጣል አድርጉበት፤ ጠብታው ተድቦልቡሎ ይወርዳል። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ቴዎፍራስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያስተዋለው ነገር ነው። ገልብጡት ደግሞ፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ ቡናማውን ስፖር ሸፍኖታል። ስፖሩ ወድቆ ሲበቅልም ወንዴው ሕዋስ ወደ ሴቴዋ የሚደርሰው በውሃ ውስጥ ዋኝቶ ነው። ድንጋዩ ካልረጠበ ትውልድ የለም።

ሱቅ የሚሸጠው በብዛት የደቡብ አሜሪካው ዘመዱ ራዲያነም ነው፤ ሰዎች በእሱ ለምደው ይሄኛውንም በብስባሽ አፈር ያፍኑታል። እኔ የኖራ ድንጋይ ስባሪ ቀላቅዬ ሸክላ ውስጥ እተክለዋለሁ፤ ውሃ ሳያቁር ሥሩ እንደረጠበ ይከርማል።

ይህን ሙያ የያዝኩት ወድጄ አልነበረም፤ የተገኘው ሥራ እሱ ነበር። ከጎንደር ስንመጣ ምን እንደሚያስፈልገን የሚነግረን ሞልቷል፤ ምን ላይ እንዳደግን የጠየቀን ግን ትዝ አይለኝም። ገበሬዎች ነበርን ብንል ማን ሰምቶ! ከዚህ ፈርን ጋር የተዋደድነው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ችግኝ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምጠይቀው የበቀለበትን አገር ነው።

ገዢውንም አልለቀውም። መስኮትህ ወዴት ይዞራል? ስትሄድ ማን ያጠጣዋል? መልሱ ካልጣመኝ አልሸጥለትም። የችግኝ ጣቢያው ባለቤት በዚህ ይነጫነጫል። ይነጫነጭ።