«ፖሊስ ይወስድሃል!»

ውድ አንባቢ፣ እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሰው ያስታውሱ። ልጅዎ ሌሊት አልተኛም ብሎ ሲያለቅስ ወይም ምሳውን እምቢ ሲል፣ በቤትዎ የመጨረሻዋ ማስፈራሪያ ምን ነበረች? በእኛ የልጅነት ጊዜ ጅብ ነበር። ዛሬ ጅቡ ቦታውን ለፖሊስ ያስረከበ ይመስላል። «ዝም በል! ያውልህ ፖሊስ መጣ፣ ይወስድሃል!» ትላለች እናት። አባትም ከወዲያ ማዶ «አዎ፣ ይወስድሃል» ብሎ ያጸድቃል። ልጁ ዝም ይላል፤ እኛም ተገላገልን ብለን ወደ ጉዳያችን እንመለሳለን። በዚህ ጽሑፍ ልንተቸው የፈለግነው ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ነው።

ዲላን የሚያውቋት ከሆነ የገበያ ቀኗን አይረሱትም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት ከተማይቱን አቋርጦ ያልፋል። በቡና ወቅት ደግሞ ከይርጋጨፌና ከወናጎ የሚመጣው ሰውና ጭነት ሲጨመርበት መንገዱ መተላለፊያ ያጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንዲህ ባለ ቀን አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ፣ እናቷ ቆጮ ስትከራከር ከአጠገቧ ጠፋች። ልጅቷ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆማ ታለቅሳለች። አንድ ወጣት ፖሊስ አይቷት «የማን ልጅ ነሽ?» ሊላት ጠጋ ሲል እሪ ብላ ሮጠች። የሮጠችው ወደ አስፋልቱ ነበር። አንድ አይሱዙ መኪና ፍሬን ሲይዝ የጎማው ጩኸት ገበያውን በሙሉ አዞረው። አልሐምዱሊላህ፣ አልነካትም። እሷ ግን አሁንም ሮጣ ከሰው መሐል ገባች፤ የተገኘችውም ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ከጆንያዎቿ ጀርባ ተደብቃ አግኝታት ነው።

እናቲቱ ልጇን አቅፋ በፖሊሱ ላይ ጮኸችበት። «ልጄን አስደንግጠህ ልታስገድልብኝ!» አለችው። እሱም «እኔ ምን አደረግኋት፣ እናቴ? ስታየኝ ሮጠች» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረም። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። እናቲቱም ጎረቤቴ ናት። «ፖሊስ ይወስድሻል» ስትላት በግድግዳው በኩል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ለመፍረድ ግን አልቸኩልም፤ እኔም ለልጆቼ ብዬዋለሁና።

እዚህ ላይ አንባቢ «ፍርሃቱ ያለ ምክንያት መጣ እንዴ?» ብለው ቢጠይቁ እውነት አለዎት። ፍርሃቱ ከሰማይ አልወረደም። ሌላው ቀርቶ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ታሰረ ለማለት «ዘብጥያ ወረደ» እንላለን። ቃሉ ያዘ፣ ተቆጣጠረ ከሚለው ከዐረብኛው «ዶበጠ» የወጣ ሲሆን በቱርኮች ግዛት ዘመን የጸጥታ ጠባቂዎች መጠሪያ ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርስ ጠባቂው ቀርቶ እስር ቤቱ ብቻ ተረፈ። በደርግ ዘመን በሌሊት በር የተንኳኳባቸው ወላጆች ዛሬም በሕይወት አሉ። ሙስሊሙ ኅብረተሰብም ቢሆን ሐምሌ 2004 ዓ.ም. አይረሳም፤ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው አባላት ታስረው፣ በ2007 ዓ.ም. እስከ 22 ዓመት ተፈርዶባቸው፣ ኋላ የተፈቱበትን ታሪክ ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቁታል። በጌዴኦም በመስከረም 2009 ዓ.ም. መጨረሻ በዲላና በይርጋጨፌ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ሱቅና ቤት ተቃጥሏል፤ በዚያው ሰሞን በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ ከ20,000 በላይ ሰው ታስሯል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው መለዮ ሲያይ ልቡ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ መደንገጥና ድንጋጤውን ለስድስት ዓመት ልጅ ማውረስ ለየቅል ናቸው። ከዚህም የከፋው፣ ይህ የልጅነት ፍርሃት አብሮን አድጎ በቸገረን ቀን አፋችንን መያዙ ነው።

ስሟን በማልጠቅሳት ከተማ የአንድ ወዳጃችን ልጅ ሞባይል ሰረቅህ ተብሎ ተያዘ። ቤተሰቡ ያደረገውን ልንገርዎ። አባት ወደ ጣቢያው አልሄደም፤ «እዚያ ሰው የሚያውቅ ሰው» ሲፈልግ ዋለ። አጎት ደላላ አገኘ። ደላላው ገንዘብ ተቀብሎ «ነገ ይወጣል» አለ። ነገ ከነገ ወዲያ ሆነ። በአምስተኛው ቀን የልጁ አክስት፣ ፊደል እንኳ በወጉ ያልቆጠሩ ሴት፣ ምሳ ይዘው ከበሩ ቀረቡና «ልጃችን የተያዘው በምንድን ነው? ዳኛ ፊትስ ቀርቧል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ልጁ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ዳኛ ፊት ቀርቦ በዋስ ወጣ። የደላላው ገንዘብ የት እንደ ገባ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

በእርግጥ ጥፋቱ የጣቢያው ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ከዚህ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤቱ ለመጓዝ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። የተያዘበት ምክንያት ወዲያውኑ፣ ያውም በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረውም ያዛል። የቋንቋው ነገር ለጌዴኦ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከገጠር ወርዳ ጎመን የምትሸጥ፣ ከጌዴኦኛ በቀር የማትሰማ ሴት በአማርኛ ስትገሠጽ ያየ ሰው ይረዳዋል። አንቀጽ 21 ደግሞ እስረኛ የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዶቹ፣ ጓደኞቹ፣ ሐኪሙ፣ ጠበቃውና የሃይማኖት አማካሪው እንዲጎበኙት መብት ይሰጠዋል። አዎ፣ የመስጊድዎ ኢማምም መግባት ይችላሉ! ስንቶቻችን ይህን አውቀን ኢማሙን «አብረውን ይምጡ» ብለናል? ከዚህ ይልቅ ሻይ ቤት ተቀምጦ ደላላ መጠበቅ ይቀለናል። ጉቦ ሰጪውም ተቀባዩም በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አንደበት መረገማቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን እርግማኑን ለተቀባዩ ትተን የራሳችንን ድርሻ «የሻይ» ብለን ስም አወጣንለት።

ለፖሊሱም የምንለው አለን። አንዳንዱ መለዮ ሲያጠልቅ እናቱ ያስተማረችውን አክብሮት ከልብሱ ጋር የሚሰቅለው ይመስላል። የሰባ ዓመት ሽማግሌን «ና አንተ! መታወቂያ!» ይላቸዋል። «አባቴ፣ መታወቂያዎን ቢያሳዩኝ» ቢል ከሥልጣኑ ምን ይጎድልበታል? እንዲህ ያለውን ሰው በጨዋ ደንብ፣ ስሙን ጠይቆ፣ አለቃው ዘንድ ሄዶ መናገር ተገቢ ነው። እኛ ግን ፊት ለፊት አንገታችንን ደፍተን «እሺ ጌታዬ» እንልና ቤት ገብተን ልጆቻችን ፊት እንረግመዋለን። ልጅ የሚማረው ሁለቱንም ነው።

ሌላም ነገር አለ። በጌዴኦ ጠብ ሲነሣ ሰው ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሶንጎ ነው፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይዳኙታል። በእኛም ሰፈር የመስጊድ ሽማግሌዎች ባልና ሚስቱንም ነጋዴውንም ያስታርቃሉ። መልካም ልማድ ነው፣ አይጥፋብን። ነገር ግን በዚሁ ሳቢያ ፖሊስን የምናገኘው ነገሩ ደም ከነካ ወይም ዕቃ ከተዘረፈ በኋላ ብቻ ሆነ። በደጃችን በየቀኑ የሚያልፈውን ወጣት «እንደምን ዋልክ» ያለው ማን ነው? ብዙዎቹ ደመወዛቸው ለቤት ኪራይ የማይበቃ፣ ፀሐይ ላይ ቆመው የሚውሉ የሰው ልጆች ናቸው። ሰላም ያልነው ሰው ነገ ሲያጠፋ ልንወቅሰውም ይቀለናል።

ለልጆቻችን ማታ ማታ የምንተርከውን ደግሞ ያስቡት። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) በሌሊት ከተማውን ሲዞሩ፣ ባዶ ድስት ጥዳ ልጆቿን የምታባብል እናት አግኝተው ዱቄቱን በገዛ ጀርባቸው ተሸክመው እንዳመጡላት እንነግራቸዋለን። ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ ይሰማል፤ በሌሊት የሚዞረው ሰው ዱቄት ይዞ እንደሚመጣ ያምናል። ታሪኩ አልቆ አልተኛም ሲል ግን «ፖሊስ ይወስድሃል!» እንለዋለን።

ያቺ ጎረቤቴ ከዚያ ቀን በኋላ ቃሉን ትታዋለች። ለልጅቷ የአባቷን ስልክ ቁጥር አስጠንታታለች፤ «ከጠፋሽ መለዮ የለበሰውን ጠይቂ» ብላም ነግራታለች። ባለፈው ገበያ አብረን ስንሄድ ያው ወጣት ፖሊስ በዚያው ማዕዘን ቆሞ ነበር። እናቲቱ ሰላም አለችው፣ እሱም በፈገግታ መለሰላት። ልጅቷ ግን የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ፣ እስክናልፈው ድረስ ከኋላዋ አልወጣችም።