መደብና ቅጠል፦ የውሃ ቀለም ትምህርት ከጎንደር ሥዕል ታሪክ አንጻር

መልክዓ ምድርን በውሃ ቀለም ስለ መማር ሲነሳ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ «ደጅ ወይስ ስቱዲዮ?» የሚል ነው። ደጅን የሚመርጡ እውነተኛው ብርሃን ያለው እዚያ ነው ይላሉ። ስቱዲዮን የሚመርጡ ደግሞ ነፋስ በማያንገላታው ጠረጴዛ ላይ ካልሆነ እጅ ቀለምን አይገዛም ይላሉ። ይህ ዳሰሳ ጉዳዩን ከጎንደር ታሪክ ተነስቶ ይመለከታል። መልክዓ ምድር የሚጠይቃቸው ሁለት ችሎታዎች፣ ቀለምን ማዋረድ (ማለትም ቀስ በቀስ ማፍዘዝ) እና ያዩትን መመዝገብ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ውስጥ ሁለቱም ነበሩ፤ ግን አልተገናኙም።

የመጀመሪያው ችሎታ ከቤተ ክርስቲያን ይመጣል። ከእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ጋር የሚያያዘው ሁለተኛው የጎንደር ስልት ከቀደመው የሚለየው በጥላ አጣጣሉ ነው፤ ፊትና ልብስ በድምቀትና በድብዘዛ ይሞላሉ። ከቅዱሳኑ ኋላ ያለው መደብም ከጥቁር አረንጓዴ ተነስቶ ቀስ በቀስ ወደ ቢጫ ይፈዛል። የውሃ ቀለም ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታዘዘውም ይህንኑ ነው፤ ከላይ የጠነከረውን ቀለም ውሃ እየጨመሩ ወደ ታች ማፍዘዝ። ልዩነቱ የቤተ ክርስቲያኑ ቀለም ድፍን፣ የውሃ ቀለም ግን ወረቀቱን የሚያሳይ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ያ መደብ የትና መቼ እንደሆነ አይናገርም። ተራራ የለውም፤ ሰዓት የለውም። ይህ የሠዓሊው ድክመት አይደለም፤ የሚሳለው ቅዱስ ከቦታና ከጊዜ በላይ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ችሎታ ከውጭ መጣ። የቦሎኛው ተወላጅ ሉዊጂ ባሉጋኒ ስኮትላንዳዊውን ተጓዥ ጄምስ ብሩስን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ። ዕፀዋትን በውሃ ቀለም ሳለ፤ ሥራዎቹ ዛሬ በአሜሪካ በዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። በእነዚህ ሥዕሎች ቅጠሉ፣ ግንዱና አበባው አንድ በአንድ ተመርምረው ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ግን ባዶ ወረቀት ነው። ሰማይ የለም፤ ርቀት የለም። ብሩስ በምንትዋብ መኖሪያ በቁስቋም በእንግድነት መኖሩ ሲታሰብ ነገሩ ይበልጥ ይደንቃል። መደቡን የሚያዋርደው እጅና ቅጠሉን የሚመረምረው ዓይን በአንዲት እቴጌ ዘመን በአንድ ከተማ ነበሩ። ለሠዓሊው መደብ ቦታ አልሆነም፤ ለባሉጋኒም ቦታው ሰማይ አላገኘም።

ዛሬ ጎንደር ውስጥ ማራኪ በተባለው ሰፈር ወረቀት ዘርግቶ የሚቀመጥ ተማሪ ሁለቱን ማገናኘት አለበት። በመጀመሪያ የሚፈትነው አየሩ ነው። በጥር እኩለ ቀን ሰማዩን ቀብቶ ሳይጨርስ የቅቡ ጠርዝ ይደርቃል፤ ለስላሳ ሊሆን የታሰበው ሰማይ ጎርፍ እንደተወው የደለል ምልክት መስመር ይዞ ይቀራል። በነሐሴ ደግሞ ወረቀቱ አልደርቅ ይልና ተራራው ወደ ሰማዩ ይፈስሳል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ለአደይ አበባ ሲል መስከረምን ይመርጣል። ለርቀት ትምህርት ግን መስከረም ከባድ ወር ነው። ዝናቡ አየሩን አጥቦታልና የሩቁ ተራራ ከቅርቡ እኩል ጠርቶ ይታያል፤ ሁሉም አረንጓዴ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ጭጋጉና አቧራው ተራሮቹን በተርታ ይለያያቸዋል፤ እያንዳንዱ ተርታ ከፊተኛው ይፈዛል፣ ይበልጥም ወደ ሰማያዊ ያደላል። በሰሜን ተራሮች ከእሜት ጎጎ ገደል አፋፍ ቁልቁል ለሚያይም ይኸው መዋረድ በግልጽ ይታያል። የቁስቋም ዘመን መደብ እዚህ ላይ ቦታ ያገኛል።

ስቱዲዮው የሚያስፈልገው ለማሳመር አይደለም። ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማረ እጅ ብርሃኑን ነጭ ጨምሮ በመጨረሻ ያወጣዋል። በውሃ ቀለም ግን ነጩ ወረቀቱ ራሱ ስለሆነ፣ የት ሳይቀባ እንደሚቀር ብሩሹ ሳይነሳ መወሰን አለበት። ይህ የቅደም ተከተል መገልበጥ ደመና በሚሯሯጥበት ደጅ ላይ አይለመድም። ጠረጴዛ፣ ብዙ የተበላሸ ወረቀትና ትዕግሥት ይፈልጋል። ስቱዲዮ ብቻውን ሲሆን ግን ተማሪው ያላየውን ተራራ መፈብረክ ይጀምራል፤ ተራራው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ መደቡም ተመልሶ ቦታ አልባ ይሆናል።

ስለዚህ ደጅ የተሠራው ወረቀት፣ ቢቆሽሽም ባይጨረስም፣ ስቱዲዮ ውስጥ ያለውን እጅ የሚቆጣጠር ምስክር ነው። ባሉጋኒ እዚህም ያስተምረናል። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የባሉጋኒን ሥዕሎች የራሱ ሥራ አስመስሎ አቀረበ፤ ረዳቱም ወደ ግዮን ምንጭ ከመሄዳቸው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ። ባሉጋኒ የሞተው ግን ምንጩ ወዳለበት ወደ ግሽ ከተደረገው ጉዞ በኋላ፣ ጎንደር ላይ ነው። ይህን ያጋለጠው የጉዞውን ውሎ በራሱ እጅ በጣልያንኛ የያዘበት ማስታወሻ ነው። የማራኪው ተማሪም በእያንዳንዱ ወረቀቱ ግርጌ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተቀመጠበትን ቦታ ይጻፍ። ቤት ገብቶ ቀለሙን ሲያዋርድ ዓይኑ ደጋግሞ ወደዚያች መስመር ይመለሳል።