«ሥርዓተ ጾታ» እና ባልደረቦቹ፤ የካምፓላውን ጉባኤ መነሻ ያደረገ የስያሜ ሒስ

ስለ ሴቶች የሚመራመሩ ምሁራን በየሦስት ዓመቱ የሚገናኙበት ዓለም አቀፍ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 በሐይፋ ተጀምሮ፣ በግሮኒንገን፣ በደብሊን፣ በኒውዮርክ፣ በሳን ሆሴ፣ በአደሌይድና በትሮምሶ ከተዘዋወረ በኋላ አፍሪካ የደረሰው በስምንተኛው ዙር ነው። ይህም በሐምሌ ወር 1994 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2002፣ በካምፓላ በማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ስብሰባ ነበር። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የሴቶች ጥናት ክፍል አቋቁሞ ያስተምር ስለ ነበረ ለጉዳዩ እንግዳ አልነበረም። በጉባኤው የቀረቡትን ጥናቶች መመዘን የየሙያው ባለቤቶች ተግባር ስለ ሆነ እኛ አንገባበትም። የእኛ ጉዳይ ከቃላቱ ጋር ነው። እንዲህ ባለ ጉባኤ የተነገረው ሁሉ ውሎ አድሮ በመመሪያ፣ በመማሪያ መጽሐፍ፣ በመጠይቅና በሕግ ረቂቅ መልክ ወደ አማርኛ መግባቱ አይቀርም። ሲገባ የተባለውን ይዞ ይገባል ወይስ ሌላ ነገር ሆኖ? ልንመረምረው የተነሣነው ይህንን ነው።

የካምፓላው ጉባኤ መሪ ርእስ ሁለት ክፍል ነበረው። ሁለተኛው ክፍል የተገኙትን ውጤቶችና የቀሩትን ፈተናዎች የሚጠቅስ በመሆኑ ተርጓሚን አያስቸግርም። ችግሩ ከፊተኛው ክፍል ላይ ነው። በዚያ ዓለማት የሚል ስም አለ፤ ከስሙ በፊት ደግሞ ጄንደር ከሚለው ቃል የወጣ፣ የተደራጊነት ጠባይ ያለው ቅጽል ገብቷል። ዓለማቱ እንዲያው የተገኙ አይደሉም፤ የወንድነትና የሴትነት ድልድል ሠርቷቸዋል፣ ቀርጿቸዋል ማለት ነው። ይህን በአማርኛ በአንድ ቃል ለመግለጽ የሚሞክር ሰው ሦስት አማራጮች ይታዩታል። «ሥርዓተ ጾታዊ ዓለማት» ቢል አንባቢው የቃላቱን ዝምድና እስኪፈታ ሐሳቡ ያመልጠዋል። «ጾታማ ዓለማት» ቢል ደግሞ «ማ» የሚለው ቅጥያ ተራራማ፣ ፍሬያማ፣ ውኃማ እንደሚባለው ብዛትን ስለሚያመለክት ለሣቅ ይዳረጋል። «በጾታ የተከፈሉ ዓለማት» የሚለው ለጆሮ የሚስማማ ቢሆንም ዓለማቱ አስቀድመው ነበሩ፣ ጾታ በኋላ መጥቶ ከፈላቸው የሚል ትርጉም ይሰጣል። የጉባኤው ነጥብ ግን ከዚህ ጋር ተቃራኒ ነው። እኛ «ጾታ የሠራቸው ዓለማት» የሚለውን እንመርጣለን። አማርኛ በቅጽል የሚደኸይበትን በዘማች አንቀጽ የሚካስ ቋንቋ ነውና፣ ተርጓሚው ቃል በቃል ከሚታገል ግሡን ቢጠራው ይሻለዋል።

ለመሆኑ ጾታ ምንድን ነው? የዛሬ አንባቢ ቃሉን ሲሰማ ወዲያው የሚታየው የአካል ልዩነት ነው። የግእዙ ቃል ግን ከዚህ የሰፋ ነበር፤ ወገን፣ ክፍል፣ ዐይነት፣ ማዕርግ ማለት ነው። ይህ ትርጉም ሞቶ የተቀበረ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ዛሬም «ሦስቱ ጾታ ምእመናን» ይባላል፤ ሲቈጠሩም ካህናት፣ ወንዶች፣ ሴቶች ናቸው። ካህኑ በአካሉ ወንድ ሆኖ ሳለ ከወንዶቹ ተለይቶ ለብቻው አንድ ጾታ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። እንግዲህ በዚህ አነጋገር ጾታ ማለት ሰው በማኅበሩ ውስጥ የተሰጠው ስፍራ እንጂ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የወጣው አካል አይደለም። ጾታ የሰዋስው ቃል ሆኖ ተባዕታይንና አንስታይን ለመለየት ያገለገለውም በዚሁ «ክፍል» በሚለው ፍቺው ነው።

የእንግሊዝኛውም ቃል ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጄንደር ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ፣ ዐይነት ማለት የሆነ ቃል ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን በይበልጥ የሚታወቀው በሰዋስው መጻሕፍት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ጆን መኒ የተባሉት የሥነ ልቡና ተመራማሪ ለወንድነትና ለሴትነት ሚና አዋሉት። በ1972 ደግሞ እንግሊዛዊቷ የኅብረተሰብ ተመራማሪ አን ኦክሊ በተፈጥሮ ከተሰጠው አካል በኅብረተሰብ የተሠራውን ድርሻ ለይተው በመጽሐፍ አሳወቁት። ስለዚህ የእንግሊዝኛው ቃል ከሰዋስው ወደ ኅብረተሰብ ሲወጣ፣ የእኛው ጾታ በተቃራኒው ከኅብረተሰብ ወደ አካል ወረደ። ሁለቱ ቃላት መንገድ ላይ ተላልፈዋል ማለት ይቻላል። ከዚህም የተነሣ ጄንደርን በጾታ መተርጐም የማይበቃ ሆኖ ተገኘና «ሥርዓተ» የሚል ቃል ከፊቱ ተጨመረበት። (በነገራችን ላይ ጋዜጦቻችን ቃሉን በፀሐዩ «ፀ» ይጽፉታል፤ የግእዙ አጻጻፍ በጸሎቱ «ጸ» ነው።)

እንዲህ ያለ መቸገር የደረሰው በአማርኛ ብቻ አይደለም። ቻይንኛ ለጾታ ከሚጠቀምበት ቃል ፊት «ማኅበራዊ» የሚል ጨመረ፤ ዐረብኛም «ማኅበራዊ ዐይነት» የሚል ስያሜ አወጣ፤ ስዋሒሊ ከዐረብኛ በተዋሰው «ጂንሲያ» ቀጠለ፤ ሩስኛ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ቃል እንዳለ ወሰደ። የፈረንሳይ መንግሥት የስያሜና የአዲስ ቃላት ኮሚሽን በሐምሌ 2005 እ.ኤ.አ. በመንግሥታዊው ጋዜጣ ባወጣው ምክር «ዣንር» የሚለው ቃል በዚህ ትርጉም መግባቱ ከቋንቋው አኳያ አያስፈልግም፣ የነበረው ቃል ይበቃል ሲል ወሰነ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን ውሳኔውን ሳይጠብቁ በቃሉ መጠቀማቸውን ቀጠሉ። ከዚህም ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1995 በቤይጂንግ በተደረገው የመንግሥታት ጉባኤ ዝግጅት ላይ ይኸው ቃል ብርቱ ክርክር አስነሥቶ በረቂቁ ውስጥ በቅንፍ ታስሮ ቈይቶ ነበር። በመጨረሻ የተስማሙበት መፍትሔ ቃሉ በተለመደውና በአጠቃላይ ተቀባይነት ባገኘው አገባቡ ይወሰድ የሚል ነው። ለዲፕሎማቶች ይህ ሰላም ነው፤ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ግን ባዶ ገጽ ነው። የተለመደው የቱ ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የለውምና።

ወደ ሥርዓተ ጾታ እንመለስ። ስያሜው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ዘርፍ መጠሪያ ሆኗል፤ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤም ገብቷል። ለመሻር ጊዜው ያለፈ ከመሆኑም በላይ መሻሩን አንደግፍም። ሥርዓት «ሠርዐ» ከሚለው ግሥ የመጣ፣ የተደነገገ፣ የተወሰነ፣ የተሠራ ነገር ማለት ስለ ሆነ፣ የወንድና የሴት ድርሻ በሰው ድንጋጌ የቆመ መሆኑን በሚገባ ያሳያል። ይህን የመሰለ ገላጭነት በቻይንኛውም በዐረብኛውም ስያሜ ውስጥ የለም።

ይሁን እንጂ ቃሉ ሁለት እንከን አለበት። አንደኛው፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ ሥርዓተ ነጥብ፣ ሥርዓተ ተክሊል፣ ሥርዓተ ቀብር እያለ ያደገ አንባቢ ሥርዓተ ጾታ ሲባል ሊጠበቅ የሚገባው ደንብ እንጂ ሊመረመር የሚገባው ጉዳይ አይመስለውም። ሁለተኛው ከዚህ የጠለቀ ነው። በየቤቱ ሳቋ ከፍ ያለባት፣ እግሯን አራርቃ የተቀመጠች፣ ከታላቅ ፊት የተናገረች ልጅ የምትገሠጽበት ቃል «ሥርዓት ያዢ» የሚለው ነው። ልጃገረድ በምን ዐይነት ቃልና ቅጣት ሴት እንድትሆን እንደምትደረግ የሚመረምረው ትምህርት፣ ስሙን ከተግሣጹ ቃል ወስዷል ማለት ነው። ይህ ስያሜውን የሚያስጥል ምክንያት ነው አንልም። መምህሩ ግን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊያብራራው ይገባል። ካላብራራው ተማሪው ትምህርቱ መልካም ጠባይ ማስተማሪያ ነው ብሎ እንደሚወጣ አያጠራጥርም።

የበለጠ የሚያሳስበን «ጾታዊ» የሚለው ቅጽል ነው። ይህ ቃል ለሌላ አገልግሎት ተቀጥሮ ቈይቷል። አዘጋጆች ወሲብ የሚለውን ቃል ማተም ስለሚያፍሩ «ጾታዊ ግንኙነት» ይላሉ። (ወሲብ ግን «አውሰበ»፣ አገባ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ የሚዛመድ ጨዋ ቃል ነበር፤ ምን አጥፍቶ እንደ ተዋረደ አንድ ቀን ሊጠና ይገባዋል።) እንግዲህ ጾታዊ ማለት በጨዋ አንደበት ወሲባዊ ማለት ከሆነ፣ «ጾታዊ ጥቃት» ሲባል አድማጩ የሚረዳው አስገድዶ መድፈርን ነው። በካምፓላም ሆነ በሌሎቹ ጉባኤዎች የሚነገርበት ጽንሰ ሐሳብ ግን ሴት በሴትነቷ ምክንያት የሚደርስባትን ጉዳት ሁሉ ያጠቃልላል፤ ድብደባውን፣ ከትምህርት መቅረቱን፣ የውርስ መነፈጉን፣ ግርዛቱን ይጨምራል። አንድ መጠይቅ «ጾታዊ ጥቃት ደርሶብሽ ያውቃል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ባሏ በየማታው የሚደበድባት ሴት በቅን ልቡና «የለም» ብላ ልትመልስ ትችላለች። ጥያቄው በአማርኛ የጠየቃት ሌላ ነገር ነውና። ከዚህ መልስ የሚሰበሰበው ቍጥር፣ ከቍጥሩም የሚወጣው ዕቅድ የተርጓሚውን ስሕተት ተሸክሞ ይሄዳል።

ስለዚህ የምንሰጠው አስተያየት ይህ ነው። አካልን ለሚነካው ጥቃት ያለ እፍረት ወሲባዊ ጥቃት ይባል። ለሰፊው ጽንሰ ሐሳብ «በሴትነት ምክንያት የሚደርስ ጥቃት» ወይም ወንድንም ለማካተት ሲፈለግ «በጾታ ምክንያት የሚደርስ ጥቃት» ይባል። ረጅም ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ርዝመቱ ግን ትክክል ያልሆነውን አጭር ቃል ከመውሰድ ይቀላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በዚህ ረገድ አርአያ ሊሆን ይችላል፤ ጠለፋን ጠለፋ፣ ግርዛትን ግርዛት ብሎ በነባሩ ስሙ ጠርቶታልና። ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ የጸና ጋብቻ ካገባት ከክስ የሚያድነውን የ1949 ዓ.ም. ሕግ ድንጋጌ የሻረውም ይኸው ሕግ ነው።

ሌላው በጉባኤ አንደበት የሚዘወተር ቃል «ማብቃት» ነው። «ሴቶችን ማብቃት» ማለት ኃይልንና ሥልጣንን በእጃቸው ማድረግ ለሚለው ሐሳብ የተሰጠ ትርጉም ነው። ነገር ግን በቃ የሚለው ግሥ በመጀመሪያ ተመጣጠነ፣ ተገባ፣ ለማዕርግ ደረሰ ማለት ነው፤ በገዳም «የበቃ አባት» እንደሚባለው። አንድ ሰው ሌላውን ካበቃ፣ የበቃው ሰው ቀድሞ ያልበቃ ነበር ማለት ነው። የጉባኤው ሰዎች የሚሉት ደግሞ ሴቶች ሥልጣን ተነፈጉ እንጂ ብቃት ጐደላቸው አይደለም። በዚህም ላይ «አበቃ» ማለት ጨረሰ፣ ፈጸመ ማለት ስለ ሆነ፣ «ሴቶችን የማብቃት ዘመቻ» የሚለው አርእስት በክፉ ጆሮ ሲሰማ ምን እንደሚመስል አንባቢ ይፍረድ። «ሥልጣን ማስጨበጥ» የሚለው ሸካራ ቢሆንም እውነተኛ ነው።

በአንጻሩ ከእኛ ወደ እነርሱ የሚሄዱት ቃላት ጉዳይ አለ፤ በዚህም ተርጓሚዎቻችን ቸልተኞች ናቸው። አንድ ተመራማሪ ስለ ጋብቻችን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ጥሎሽን ከሙሽራዪቱ ቤተ ሰብ በሚመጣው ሀብት ስም፣ አለዚያም ለወላጆቿ በሚከፈለው ዋጋ ስም ይተረጕመዋል። ጥሎሽ ግን የሙሽራው ወገን ለሙሽራዪቱ ለራሷ የሚያመጣው ልብስና ጌጥ ስለ ሆነ ሁለቱንም አይደለም። እንዲህ ያለው ቃል በጥናቱ ውስጥ «ጥሎሽ» ተብሎ እንዳለ ቢቀመጥና ቢብራራ ይሻላል። «ባለሙያ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ባለሙያ ወንድ ሲባል መሐንዲስ ወይም አናጢ ይታሰባል፤ ባለሙያ ሴት ሲባል ወጧ የሚጣፍጥ። ጾታ የሠራቸው ዓለማት ምን እንደ ሆኑ ለውጭ አገር ምሁር ለማስረዳት ከዚህ አንድ ቃል የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ ሆኖም ግን በሁለት የተለያዩ የእንግሊዝኛ ቃላት ስለሚተረጐም ምሳሌው ከመንገድ ላይ ይጠፋል።

በመጨረሻ ስለ ሰዋስው አንድ ነገር እንጨምራለን። እንግሊዝኛ ተመራማሪ ሲል ወንድ ይሁን ሴት አይናገርም፤ አማርኛ ግን ግሡን ለማሰር መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ተርጓሚውም ሳያስብ «ተመራማሪው አቀረበ» ይላል። በዚህ አኳኋን አብዛኛው ተናጋሪ ሴት የሆነበት ጉባኤ ወደ አማርኛ ሲገለበጥ የወንዶች ሸንጎ ይሆናል። የተባዕታይ ጾታ ጠቅላይነት ምን ያህል እንደ ሆነ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ከሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ይታያል፤ ተረቱ ሴትን መናቁ ሳያንሰው ግሡን እንኳ «ብታውቅ» ብሎ አላሠረላትም። «አቀረቡ» የሚለው የአክብሮት አነጋገር ከዚህ ያድናል፤ ነገር ግን ማን እንደ ተናገረ ይሸፍናል። እኛ ተናጋሪዋ በምትታወቅበት ስፍራ ሁሉ «ተመራማሪዋ» መባሉን፣ በማትታወቅበትም «አቅራቢዎች» በሚለው የብዙ ቍጥር መጠቀምን እንመርጣለን። የማዕርግ ስሞቹ ነገር ግን ገና መፍትሔ አልተገኘለትም። ዶክተር ያልሆነችውን ተናጋሪ በመርሐ ግብር ላይ ለመመዝገብ የሚፈልግ ጸሐፊ ወይዘሮ ወይስ ወይዘሪት ብሎ፣ ባል ማግባት አለማግባቷን አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል፤ አቶ የተባለውን ግን ማንም አይጠይቀውም።