ፎቶግራፉም ይጠየቅ፣ ጠያቂውም ይጠየቅ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2004 ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ከባግዳድ ወጣ ብሎ በሚገኘው የአቡ ግሬብ እስር ቤት የተነሡ ፎቶግራፎችን ለሕዝብ አሳየ። ሦስት ቀን ቆይቶ፣ ሜይ 1፣ ዴይሊ ሚረር የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ የአገሩ ወታደሮች አንድ ኢራቃዊ እስረኛ ሲያሰቃዩ ያሳያሉ ያላቸውን ፎቶግራፎች በፊት ገጹ ይዞ ወጣ። ጦርነቱ አንድ ነው፤ ክሱም ይመሳሰላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የተመለከተ ሰው የትኛው እውነት፣ የትኛው ፈጠራ እንደሆነ በዓይኑ ብቻ መለየት ይቸግረው ነበር። የአቡ ግሬቦቹ እውነተኛ ነበሩ። የሚረሮቹ ሆን ተብለው የተቀነባበሩ ሆነው ተገኙ።

የሰብዓዊ መብት ጥሰት ያሳያሉ የሚባሉ ፎቶግራፎችን ማጣራት ሥራዬ ነው። ወደ ሙያው የሚገቡ ወጣቶችን ሳሠለጥን በእነዚያ ቀናት እጀምራለሁ፤ ሥራው የሚጠይቀው ጥንቃቄ፣ ዘዴና ኅሊና ከሞላ ጎደል እዚያ ውስጥ አለና።

የሚረርን ፎቶግራፎች ያጋለጣቸው የጭነት መኪና ነው። ድርጊቱ ተፈጸመበት የተባለው ቤድፎርድ መኪና ኢራቅ ገብቶ እንደማያውቅ በምርመራ ተረጋገጠ። ጋዜጣው ይቅርታ ጠየቀ፤ ዋና አዘጋጁ ፒርስ ሞርጋን ሜይ 14 ከሥራው ተሰናበተ። ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ፎቶግራፎቹ የወነጀሉት ኩዊንስ ላንካሻየር የተባለውን ሬጅመንት ነበር። ከዚያ ስምንት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 2003፣ ባሃ ሙሳ የተባለ የ26 ዓመት የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ባስራ ከተማ ውስጥ በዚሁ ሬጅመንት ወታደሮች ተይዞ ሳለ ሞቷል። በአስከሬኑ ላይ 93 ጉዳቶች ተቆጥረዋል። ራሳቸው በከረጢት የተሸፈነ እስረኞች ሲሰደቡና ሲንገላቱ የሚያሳይ እውነተኛ ቪዲዮም ነበር፤ ኋላ ጉዳዩን በመረመረው አጣሪ ጉባኤ ፊት ቀርቦ ታይቷል። ጉባኤው በ2011 ባወጣው ሪፖርት በእስረኞቹ ላይ የተፈጸመውን ግፍ አረጋገጠ።

እንግዲህ ፎቶው ሐሰት ነበር፤ በደሉ ግን ነበረ። ያንን ሐሰት የፈጠሩት ሰዎች ባሃ ሙሳን ደግመው በደሉት፤ "ያ ሁሉ ወሬ ፈጠራ ነው" ለማለት ለሚጠባበቁ ሰዎች መከራከሪያ አቀበሉ። አንድን ፎቶግራፍ አጥብቄ የምጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ተበዳዩ ፍርድ ፊት ሲቆም አብሮት የሚቆመው ማስረጃ የመጀመሪያው ጠበቃ በጠየቀው ጥያቄ እንዳይወድቅ፣ ጥያቄውን አስቀድሜ እኔ ልጠይቀው ይገባል።

የአቡ ግሬብ ፎቶግራፎች የጸኑበት መንገድም ትምህርት ነው። በተለያዩ ካሜራዎች የተነሡ ስለነበሩ የካሜራዎቹ ሰዓት እርስ በርሱ አይገጥምም ነበር። የአሜሪካ ሠራዊት የዲጂታል ማስረጃ መርማሪ የነበረው ብሬንት ፓክ አንዱ ቅጽበት በሁለት ካሜራ የተያዘበትን ቦታ እየፈለገ የሰዓቶቹን ልዩነት አሰላ፤ ከዚያም ምስሎቹን ሁሉ በአንድ የጊዜ ቅደም ተከተል ደረደራቸው። በዚህ መልክ ሲደረደሩ የትኛው ድርጊት በየትኛው ሌሊት እንደተፈጸመ፣ ማን እዚያ እንደነበረና ማን እንዳልነበረ መናገር ተቻለ። ለብቻው የቆመ ፎቶግራፍ የሚናገረው ጥቂት ነው። ከሌሎች ፎቶግራፎች፣ ከሰዓት፣ ከቦታና ከሰው ቃል ጋር ሲገጣጠም ግን ክስ መሸከም ይችላል።

ሰዎች ፎቶግራፍ ልከው "እውነት ነው?" ይሉኛል። መልሼ የምጠይቃቸው "ምን ያሳያል ተብሎ ነው የቀረበው?" ብዬ ነው። በሥራዬ ከሚያጋጥሙኝ ማሳሳቻዎች አብዛኞቹ ምስሉ ያልተነካካ፣ ከሥሩ የተጻፈው ግን ሐሰት የሆነ ነው። በሜይ 2012 ሶርያ ውስጥ ሑላ በተባለ ስፍራ ጭፍጨፋ ተፈጸመ፤ የተባበሩት መንግሥታት ከመቶ በላይ ሰዎች መገደላቸውን፣ ከእነርሱም 49ኙ ሕፃናት መሆናቸውን አስታወቀ። በዚያው ሰሞን ቢቢሲ በድረ ገጹ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለሉ በርካታ አስከሬኖችን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ከዜናው ጋር አወጣ። ፎቶውን ያነሣው ማርኮ ዲ ላውሮ የተባለ ጣሊያናዊ ነው፤ ያነሣውም በ2003፣ ኢራቅ ውስጥ ነበር። ቢቢሲ ወዲያው አነሣው። ፎቶግራፉ እውነተኛ፣ ጭፍጨፋውም እውነተኛ፤ ሐሰቱ የሁለቱ መገናኘት ነበር። ስለዚህ "ተቀነባብሯል ወይስ አልተቀነባበረም?" ብሎ ብቻ የሚጠይቅ አጣሪ የዚህን ዓይነቱን ስሕተት ያሳልፋል።

የሥራው ቅደም ተከተል ለማንም ሰው ግልጽ ነው። በመጀመሪያ የምፈልገው ከሁሉ የቀደመውን ቅጂ ነው። ፌስቡክና መሰሎቹ ካሜራው በፋይሉ ውስጥ የመዘገበውን ቀንና ቦታ ይፍቁታል፤ በየስልኩ የሚዞረው ስክሪንሾት ደግሞ የምስሉን ጠርዝ ይቆርጣል። በምስል መፈለጊያ ፎቶው ከተባለው ቀን በፊት ወጥቶ ከተገኘ ነገሩ እዚያው ያልቃል። አለመገኘቱ ግን አዲስ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ይህን የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው። ቀጥሎ ቦታው፣ ከዚያ ጊዜው፣ በመጨረሻም ሰዎቹ ይመጣሉ። ቅደም ተከተሉን የምጠብቀው ሰዎቹ ስሜት ስለሚቀሰቅሱ ነው። ፊትና ደም ያየ ዓይን ኋላ ተራራውንና ጥላውን ለማየት ትዕግሥት አይኖረውም።

ለዚህ የካሜሩንን ጉዳይ የሚያህል ማስተማሪያ አላውቅም። በጁላይ 2018 ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን እየነዱ ወስደው ሲገድሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። አንደኛው ሕፃን በእናቱ ጀርባ ላይ ነበር። የካሜሩን መንግሥት የሐሰት ዜና ነው አለ፤ ምክንያትም አቀረበ፤ የደንብ ልብሱና መሣሪያው ድርጊቱ ተፈጸመበት በተባለው አካባቢ ያሉት ወታደሮች የሚጠቀሙበት አይደለም አለ። የቢቢሲ አፍሪካ አይ ጋዜጠኞች ከሌሎች አጣሪዎች ጋር ሆነው ምስሉን ክፈፍ በክፈፍ መረመሩ። ከበስተጀርባ የሚታየውን የተራራ ሰንሰለት ከሳተላይት መረጃ ጋር አመሳክረው ቦታውን በሰሜን ካሜሩን፣ ዘለቬት ከተባለች ከተማ አጠገብ አገኙት። የሚታዩትን ቤቶች፣ በበጋ ብቻ የሚወጣውን የእግር መንገድና የወታደሮቹን የጥላ ርዝመት አስልተው ቀኑን ከማርች 20 እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 2015 ባለው ጊዜ ወሰኑት። መንግሥት ላቀረበው ክርክርም መልስ ፈለጉ፤ በዚያው አካባቢ የነበሩ ወታደሮች በዚያው ዓይነት ልብስ የተነሡትን ፎቶ አገኙ፤ መሣሪያውም አንዳንድ የካሜሩን ጦር ክፍሎች የሚይዙት ሆነ። መንግሥት በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ሰባት ወታደሮች መያዛቸውን አስታወቀ። በሴፕቴምበር 2020 የያውንዴ ወታደራዊ ፍርድ ቤት አራቱን በ10 ዓመት እስራት ቀጣ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። "ልብሱ የእኛ አይደለም" የሚለው ክርክር ስሕተት ቢሆንም ሊመረመር የሚችል ክርክር ነው። ቦታ ይጠቅሳል፣ ዕቃ ይጠቅሳል፤ ስለዚህም ሊረጋገጥ ወይም ሊፈርስ ይችላል። መልስ ያለው ጥርጣሬ እንዲህ ያለው ነው፤ ከማንም ይምጣ፣ እቀበለዋለሁ። ከዚህ የተለየ ሌላ ጥርጣሬም አለ፤ ምንም ቢቀርብለት ከቦታው የማይንቀሳቀስ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ሁለተኛውን ዓይነት በራሳችን ላይ አይተነዋል። ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ የፋሺስት ጣሊያን አውሮፕላኖች በሰሜኑ ግንባር የሰናፍጭ ጋዝ አፈሰሱ። ቆዳቸው የተላጠ፣ ሰውነታቸው በቁስል የተሞላ ሰዎች ፎቶግራፎች አውሮፓ ሲደርሱ የጣሊያን ፕሮፓጋንዳ "እነዚህማ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ናቸው" ሲል አስተባበለ። ይህ አባባል በተፈጥሮው መልስ ነበረው። የደዌና የጋዝ ቃጠሎ ቁስል በሐኪም ዓይን ይለያል፤ ቁስለኞቹን ያከሙ የውጭ ሐኪሞች ነበሩ፤ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ ማርሴል ጁኖም የጋዙን ሰለባዎች በኮረም አካባቢ በዓይናቸው አይተዋል። አስተባባዮቹ ግን ሐኪሞቹን አልጠየቁም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ስለ ጋዙ በሰፊው ተናገሩ፤ ክህደቱ ግን ከጦርነቱም በኋላ ኖረ። ታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ሙሶሊኒ ጋዝ እንዲጣል የፈቀደባቸውን ቴሌግራሞች ከመዛግብት አውጥቶ አሳተመ፤ በወጣትነቱ በዚያ ጦርነት የዘመተው ታዋቂው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ግን ለብዙ ዓመታት ሲክድ ቆየ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ጋዙ መጣሉን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ሞንታኔሊም የዚያኑ ጊዜ ስሕተቱን ተቀበለ። ስድሳ ዓመት ማለት ነው። በጋዙ ቆስለው ከተረፉት አብዛኞቹ ያንን ቀን ሳያዩ አልፈዋል።

ይህ ታሪክ ያለን ሕዝብ ሌላውን ተበዳይ "የሥጋ ደዌ ነው" ከማለት ሊጠበቅ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ያየሁት ግን ያሳዝነኝ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኖቬምበር 2020 ከማይካድራ ከተማ የወጡ የሟቾች ፎቶግራፎችንና ቪዲዮዎችን ከሳተላይት ምስል ጋር አመሳክሮ ቦታውን አረጋገጠ። በኤፕሪል 2021 ቢቢሲ አፍሪካ አይ ያልታጠቁ ወንዶች ገደል አፋፍ ላይ ሲገደሉ የሚያሳየውን ቪዲዮ በተራሮቹ ቅርጽ ተመርቶ ትግራይ ውስጥ ማኅበረ ዴጎ አጠገብ መቀረጹን አሳየ፤ ከገዳዮቹ አፍ የሚሰማው ቋንቋ አማርኛ ነበር። ዘዴው አንድ ነው፤ ተራራ፣ ቤት፣ ጥላ፣ ሳተላይት። ሆኖም የመጀመሪያውን ሳያመነታ የተቀበለ ብዙ ሰው ሁለተኛውን "ቅንብር ነው" አለ፤ ሁለተኛውን የተቀበለ ብዙ ሰውም የመጀመሪያውን ካደ። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፣ በየስልካችን፣ የምስሉን ተራራ ያየ ጥቂት ነበር፤ የሟቹን ወገን ያልጠየቀ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። በዚያው ሰሞን ከሌላ አገርና ከሌላ ጦርነት የተቀዱ ፎቶግራፎች በሁሉም ወገን ሲዞሩ ነበር፤ እነርሱን ሳናጣራ ያጋራናቸው ሰዎች ለካጆቹ ስንቅ አቀበልን።

በቀድሞው ሙግታችን "ተጠየቅ" ብሎ የሚነሣ ተሟጋች ራሱም ለመጠየቅ ተዘጋጅቶ ነበር የሚቆመው። ለሙያዬ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አላገኘሁለትም። ልቤ እንዲሆን የሚፈልገውን ፎቶግራፍ፣ እንዳይሆን ከሚፈልገው እኩል መጠየቅ አለብኝ። ይልቁንም የራሴን ወገን የሚከሰውን ምስል ሳጣራ ሥራውን የእኔን ስሜት ለማይጋራ ባልደረባ አሳያለሁ፤ እርሱ በራሱ መንገድ እዚያው ቦታና እዚያው ቀን ካልደረሰ ውጤቱን አላወጣም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስል መሥራት ከጀመረ ወዲህ ጉዳዩ ይበልጥ ከብዷል። በ2023 የአምነስቲ የኖርዌይ ቅርንጫፍ ኮሎምቢያ ውስጥ በ2021 ፖሊስ በተቃዋሚዎች ላይ የፈጸመውን ግፍ ለማስታወስ በማሽን የተፈጠሩ ምስሎችን ተጠቀመ፤ ተቃውሞ ሲበዛ አነሣቸው። ዓላማው የተቃዋሚዎቹን ማንነት መጠበቅ እንደሆነ ተናግሯል። ዓላማው ደግ ነው፤ ነገር ግን እውነተኛ ግፍ በተፈጠረ ምስል ሲነገር በባሃ ሙሳ ላይ የደረሰው ሁለተኛ በደል ይደገማል። ትልቁ አደጋም ማሽኑ ሐሰት መፍጠሩ ብቻ አይደለም፤ ማንኛውም ወንጀለኛ እውነተኛውን ምስል "ማሽን የሠራው ነው" ብሎ መገላገል መቻሉ ጭምር ነው። መድኃኒቱ ግን ከቀድሞው አልተለወጠም። ማሽን ምስሉን ሊሠራ ይችላል፤ ቦታው ላይ የነበረውን ሰው ቃል፣ የሆስፒታሉን መዝገብ፣ ሌላው ሰው ከሌላ ማዕዘን ያነሣውን ፎቶ ሁሉ አስማምቶ መሥራት ግን እጅግ ይከብደዋል።

ስለዚህ ግፍ ሲፈጸም አይቶ ፎቶ ያነሣ ወይም የደረሰው ሰው ዋናውን ፋይል እንዳለ ያስቀምጥ፤ አይቁረጠው፣ አይጻፍበት። በቴሌግራም ሲልክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላከው፤ ነገር ግን ፋይሉ ቦታውንና ሰዓቱን ይዞ ስለሚሄድ የሚልከው ለሚያምነው ሰው ብቻ ይሁን፤ ያነሣውን ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሊጥል ይችላልና። ከማን፣ መቼና እንዴት እንዳገኘው ለብቻው ይጻፍ።

የሚጠራጠር ሰውም ግዴታ አለበት። አብረውኝ የሚሠሩትን ሁሉ ማጣራት ከመጀመራቸው በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር አጽፋቸዋለሁ፤ "ይህን ፎቶግራፍ የማምነው እነዚህ ነገሮች ሲገኙ ነው" የሚል። ነገሮቹ ከተገኙ፣ ውጤቱ ማንንም ይጉዳ ማንን፣ ያምናሉ፤ በስማቸውም ፈርመው ያወጡታል። ምን ቢቀርብለት እንደሚያምን አስቀድሞ ሊናገር የማይችል ሰው መጠየቅ ገና አልጀመረም፤ ተበዳዩም ለእርሱ መልስ የመስጠት ዕዳ የለበትም።