የተሰደደ ዋንጫ፣ አገር ቤት የቀረ ደጋፊ

ባሱንዳ ሆኖ ስለ ሸራ ጀልባ እሽቅድምድም መጻፍ ቧልት ሊመስል ይችላል። አገሩ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሆኖ መኪናውን ሁሉ ያስራል፤ በጋ ሲሆን ምድሩ ይሰነጠቃል። ከባሕር ጋር የሚያገናኘው ነገር ቢኖር ሰሊጡ በገዳሪፍ በኩል አልፎ ወደ ፖርት ሱዳን መውረዱ ነው። ነገር ግን የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጀልባው ሳይሆን ደጋፊው ነው። ቡድኑ ከአገር ወጥቶ በሰው አገር ሲወዳደር፣ አገር ቤት የቀረው ደጋፊ ምን ይሆናል? ይህን ለመጠየቅ በአሁኑ ዘመን ከባሱንዳ የተሻለ ቦታ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ፣ የኦምዱርማን ሁለቱ ታላላቅ ክለቦች አል ሂላልና አል መሪኽ ሜዳቸውን ትተው ተሰደዱ፤ የ2024/25 የውድድር ዘመንንም በሞሪታንያ ሊግ በእንግድነት ተጫወቱ። ሰማያዊውንም ሆነ ቀዩን ማልያ የሚወድ የገዳሪፍ ሰው የቡድኑን ውጤት ከአትላንቲክ ዳርቻ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህ ደጋፊ ጋር ሊመሳሰል የሚችል ሌላ ደጋፊ በዓለም ሌላ ጫፍ፣ በኒውዚላንድ አለ። እርሱም ቡድኑ በሰው አገር ሲወዳደር በእንቅልፍ ሰዓቱ ተነሥቶ ይመለከታል። ልዩነቱ ያንን ቡድን ያሰደደው ጦርነት አለመሆኑ ነው።

«የአሜሪካ ዋንጫ» የሚባለው ውድድር ስሙን ያገኘው ከአገሪቱ ሳይሆን «አሜሪካ» ከተባለች አንዲት ጀልባ ነው። ይህች ጀልባ በ1851 በእንግሊዝ አገር የዋይት ደሴትን ዞራ አሸነፈች፤ ዋንጫውም ከዚያ በኋላ እስከ 1983 ድረስ፣ 132 ዓመት ሙሉ፣ ከኒውዮርክ ክለብ እጅ አልወጣም። ውድድሩ የባለጸጎች ጨዋታ ሆኖ ስለኖረ ደጋፊ የሚባለው ሕዝብ በታሪኩ ውስጥ ብዙም አይታይም። ይህን የለወጠችው ትንሿ ኒውዚላንድ ናት። በ1995 ሳን ዲዬጎ ላይ የቡድኑ መሪ ፒተር ብሌክ ባለቤቱ የሰጠችውን ቀይ ካልሲ አጥልቆ ይሳፈር ነበር። እርሱ ሳይሳፈር በቀረበት አንድ ቀን ጀልባዋ ተሸነፈች። ይህን የሰማው ሕዝብ ቀይ ካልሲ እየገዛ ያጠልቅ ጀመር፤ ገንዘቡም ለቡድኑ ማገዣ ዋለ። ኒውዚላንድ 5 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ባሕር ላይ ወጥቶ የማያውቀው ገበሬና የሱቅ ሠራተኛ የዋንጫው ባለድርሻ ነኝ ብሎ እንዲያምን ያደረገው አንድ ጥንድ ካልሲ ነበር። (ብሌክ በዲሴምበር 2001 በአማዞን ወንዝ አፍ የባሕር ወንበዴዎች ገደሉት።)

ይህ እምነት የመጀመሪያውን ቁስል ያገኘው በ2003 ነው። ረስል ኩትስና ብራድ በተርወርዝ የተባሉት የቡድኑ ምሰሶዎች ወደ ስዊዘርላንዱ አሊንጊ ገብተው፣ በገዛ አገራቸው ውኃ በኦክላንድ፣ የገዛ ወገናቸውን 5 ለ 0 አሸነፉ። ባሕር የሌላት ስዊዘርላንድ የባሕር ዋንጫ ባለቤት ሆነች። የውድድሩ መተዳደሪያ ሰነድ ግጥሚያው በባሕር ላይ እንዲሆን ስለሚያዝ፣ አሊንጊ በ2007 ዋንጫውን የተከላከለው በስፔን ቫሌንሲያ ነበር። ከ1993 ወዲህ ባሕር አልባ ሆኖ ለቆየው ለእኛ ሕዝብ ይህ ነገር ለጊዜው ደስ ያሰኛል፤ ባሕር የሌለውም ሊያሸንፍ ይችላል ያሰኛልና። ነገሩን ጠጋ ብሎ ላየው ግን ያሸነፈችው ስዊዘርላንድ ናት ለማለት ያስቸግራል። ያሸነፈው የሰውን ችሎታ የመግዛት ዐቅም ነው።

ከዚያ ጀልባዎቹ መብረር ጀመሩ። ከታች ሰይፍ የመሰለ ክንፍ ውኃው ውስጥ ይገባል፤ ጀልባዋ ስትፈጥን ክንፉ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ወደ ላይ ይገፋና አካሏን ሁሉ ከውኃው አውጥቶ በአየር ላይ ያቆማታል። ውኃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ትንሽ ክንፍ ብዙ ቶን ይሸከማል። ሆዷ ከውኃው ፍትጊያ የተላቀቀ ጀልባ ደግሞ ከሚገፋት ነፋስ በላይ ትፈጥናለች። ዛሬ የሚወዳደሩት 75 ጫማ ርዝመት ያላቸው ጀልባዎች በሰዓት ከ50 ኖት፣ ማለትም ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራሉ። ይህን በረራ በ2012 በታላላቆቹ የውድድር ጀልባዎች ላይ መጀመሪያ አሠርተው ያሳዩት ኒውዚላንዳውያን ናቸው፤ ደንቡ እንዳይበሩ ተብሎ የተጻፈ ቢሆንም ቀዳዳ አገኙለት። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው በረራ ተሸነፉ።

የ2013ቱ የሳን ፍራንሲስኮ ግጥሚያ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ዓመቱ በሐዘን የተጀመረ ነበር፤ በሜይ ወር በልምምድ ላይ የአርተሚስ ቡድን ጀልባ ተገልብጣ አንድሩ ሲምፕሰን የተባለው መርከበኛ ሞቷል። በሴፕቴምበር ኒውዚላንድ 8፣ የአሜሪካው ኦራክል ደግሞ 1 ሆኑ። ለኒውዚላንድ የቀራት አንድ ድል ብቻ ነበር። በሴፕቴምበር 20 ቀን ቀላል ነፋስ በነፈሰበት ዕለት ኒውዚላንድ ርቃ እየመራች ሳለ የተፈቀደው 40 ደቂቃ አለቀና ውድድሩ ተሰረዘ። ከዚያ ኦራክል ስምንት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ፤ 9 ለ 8። የመጨረሻው ቀን ሴፕቴምበር 25 ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሴኮንድ ብቻ የቀደመው ከ13 ዓመት በፊት በዚያው ዕለት መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው። ዳሩ ግን ንጽጽሩ ይጠቅማል። የኃይሌን የመጨረሻ መቶ ሜትር ያየ ወይም በሬዲዮ የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ሮጦ ስለሚያውቅ፣ የሳንባውን መቃጠል በገዛ ደረቱ ያውቀዋል። በክንፍ የምትበር ጀልባ ለተመልካቹ እንዲህ ያለ መግቢያ በር የላትም።

የቴሌቪዥን ሥርጭቱ ይህን ጉድለት ለመሙላት የደከመውን ድካም ማድነቅ ተገቢ ነው። ስታን ሃኒ የተባለው መርከበኛና መሐንዲስ ከሄሊኮፕተር በሚቀረጸው ምስል ላይ መስመሮች የሚሥል ዘዴ ፈጠረ። የመወዳደሪያው ድንበር፣ የሁለቱ ጀልባዎች ርቀት፣ ማን እንደሚመራ፣ ሁሉም በባሕሩ ላይ በቀለም የተጻፈ ሆኖ ይታያል። ቀድሞ ሁለት ሸራዎች ወደተለያየ አቅጣጫ ሲሄዱ ማን እንደሚቀድም ባለሙያ ካልሆነ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ አሁን ሕፃን ልጅም ያነበዋል። በዚህ ረገድ ውድድሩ በታሪኩ ለተመልካች የዛሬውን ያህል ክፍት ሆኖ አያውቅም።

ሆኖም መስመሩ ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ለሽንፈትና ለድል ምክንያት የሆነው ነፋስ አይታይም። ሰዎቹም አይታዩም። በ2024 በእያንዳንዱ ጀልባ ከተሳፈሩት ስምንት ሰዎች አራቱ ጉድጓድ ውስጥ ጎንበስ ብለው ብስክሌት የሚመስል ነገር እየመቱ ለማሽኑ ኃይል የሚሰጡ ናቸው፤ የሚታየው የራስ ቁራቸው ብቻ ነው። ጀልባዎቹ እጅግ ያምራሉ፣ ግን ፊት የላቸውም። በዚህ ጸሐፊ ግምት የሥርጭቱ ብልጫ ያለው ሥዕሉ ላይ አይደለም፣ ድምፁ ላይ ነው። መሪውን የያዘው ሰው ለጓደኛው የሚናገረው በቀጥታ ይሰማል። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ንግግሩ እያጠረ፣ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ከመጋጨት ለጥቂት ሲተርፉ ማንም አይጮኽም። ደጋፊው ሰው መኖሩን የሚያረጋግጠው በዚያ ዝግ ያለ ድምፅ ነው። ከሩቅ አገር የሚመጣን ጨዋታ በጆሮው እየሠራ ላደገ የሬዲዮ ዘመን ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

እንግዲህ የበረራው ዘመን ለደጋፊው ማየትን ሰጠው። የወሰደበት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ኒውዚላንድ በ2017 ቤርሙዳ ላይ ዋንጫውን አስመለሰች፤ በ2021 ኦክላንድ ላይ የጣልያኑን ሉና ሮሳ 7 ለ 3 አሸንፋ ጠበቀችው። ያን ጊዜ ብዙው ዓለም በወረርሽኙ ምክንያት ቤቱን ዘግቶ ሳለ የኦክላንድ ሕዝብ በነጻነት ወደ ባሕሩ ዳር ወጥቶ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ መንግሥትና ከተማው ቀጣዩን ውድድር በአገር ቤት ለማቆየት 99 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር የሚገመት ድጋፍ አቀረቡ፤ ቡድኑ አይበቃኝም አለ። በማርች 2022 ውድድሩ ለባርሴሎና መሰጠቱ ተነገረ። ከክለቡ አባላትና ከደጋፊው ወገን ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ ውሳኔውን ግን አልለወጠውም።

እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ቀላል አይደለም። ቡድኑ ገንዘብ ካላገኘሁ ሰዎቼን ሌሎች ይወስዱብኛል ብሎ ቢፈራ፣ የ2003ቱ ጠባሳ ምስክሩ ነው። በ2024 ባርሴሎና ላይም እንግሊዝን 7 ለ 2 አሸነፈ። አገር ቤት ቆይቶ መሸነፍ ይሻል ነበርን? ብዙ ደጋፊ አይሻልም ይላል። የዚህ ጸሐፊ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። ካልሲውን የገዛው ሕዝብ ያንን ገንዘብ የሰጠው እንደ ባለቤት ነበር፤ ባርሴሎና ሲወሰን ግን እንደ ተመልካች እንኳ አልተቆጠረም። ተመልካች በሌላም ከተማ ይገኛል፣ ምስሉም በሁሉም ቦታ እኩል ይታያል፤ መስመሮቹ በየትኛውም ባሕር ላይ ይሣላሉ። ውድድሩን ለማንም ሰው ግልጽ ያደረገው ዘዴ የባሕሩን ዳር ሰው አላስፈላጊ አደረገው።

ይህ ሁሉ ከእኛ የራቀ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ለባርሴሎናው ውድድር መሰናዶ ከሆኑት ግጥሚያዎች አንዱ ከኖቬምበር 29 እስከ ዲሴምበር 2 ቀን 2023 የተካሄደው በጂዳ፣ በቀይ ባሕር ላይ ነበር። አነስተኞቹ ጀልባዎች በክንፋቸው ሲበሩ በማዶው ፖርት ሱዳን ናት። በዚያው ዓመት፣ ጦርነቱ በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ከፖርት ሱዳን የተነሡ መርከቦች በሺህ የሚቆጠሩ ሽሽተኞችን አሳፍረው የደረሱት እዚያው ጂዳ ነበር። በዚያ ውኃ ላይ የተሣለው ቀለም ያለው መስመር ምን ያህሉን እንደሚያሳይና ምን ያህሉን እንደሚተው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም። ጀልባዎቹን በዚህ መውቀስ አልፈልግም፤ ስፖርት በሐዘን አገር አጠገብም ይደረጋል፣ አል ሂላልም በስደት እየተጫወተ ደጋፊውን አስደስቷል። የአል ሂላል ሰው ግን ቡድኑ ለምን እንደ ሄደ ያውቃል፤ መንገዱ ሲከፈት እንደሚመለስም ይጠብቃል። የኦክላንዱ ሰው መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ ነው የቀረው።

የሚቀጥለው ውድድር በ2027 በጣልያን ኔፕልስ እንዲሆን ተወስኗል። ኔፕልስ ላይ ከቀትር በኋላ ሲሆን ኦክላንድ ላይ ሌሊት ነው። ቀይ ካልሲውን ያልጣለ ሰው ካለ የሰዓቱን ደወል ሞልቶ ይተኛል።