ከጣት የቀጠነ ዘንግ

የቱርቦ ዘንግ ተፈትቶ ጨርቅ ላይ ሲጋደም ከትንሽ ጣት ብዙም አይወፍርም። ንፋስ መውጫ፣ ከወረታ ወደ ወልዲያ የሚያልፈው ጎዳና ዳር ባለ ጋራዥ፣ የአንድ አይሱዙ ቱርቦ ተበትኖ ሳየው መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ይኸው ቅጥነቱ ነው። በአንዱ ጫፍ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ የሚያሽከረክረው መዘውር አለ፤ በሌላው ጫፍ አየር ስቦ ወደ ሞተሩ የሚያጭቀው መዘውር። ጭሱ አንዱን ሲገፋ ሁለቱም አብረው ይዞራሉ። ተግባሩ በዚህ ያበቃል፤ አሠራሩን ግን ቀኑን ሙሉ ቢያዩት አይጠገብም።

ሩጫና እግር ኳስ ስዘግብ ቆይቼ የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድርን እንድከታተል ሲሰጠኝ፣ ቴክኒኩን ከብረቱ ለመጀመር ወሰንሁ። ንፋስ መውጫ ያለችበት ጋይንት ለዚህ ትምህርት የተመቸ አገር ነው። ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ሞተር ነዳጁን የሚያነደው በአየር ነውና አየር ሲሳሳ ጉልበትም ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው መኪና የጨጨሆን ዳገት ሲወጣ በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚጎተተው ጭነቱ በዝቶበት ብቻ አይደለም፤ ትንፋሽ አጥሮት ነው።

መካኒኩ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። የአየሩን መዘውር ወደ ብርሃን አዙረው፣ “ጠርዙን በጣትህ እየው፣ ልጄ” አሉኝ። ክንፎቹ ከሥራቸው ወፍረው ይነሡና ወደ ጫፍ ሲሄዱ እንደ ጥፍር ይሳሳሉ። አንዱ ረጅም አንዱ አጭር እየሆኑ ተፈራርቀዋል፤ አጭሮቹ ገባ ብለው የጀመሩት የአየሩን መግቢያ እንዳያጠቡ ነው። ከመዘውሩ አፍንጫ አጠገብ በማሽን የተፋቀ ትንሽ ጠባሳ አየሁና፣ “ይኼስ ምንድን ነው፣ ጋሼ?” አልኋቸው።

“ሚዛኑ ነዋ። የከበደውን ወገን ቀንሰውለት ነው።”

ከመዘውሩ ሁሉ ያቺን ጠባሳ ነው የወደድኋት። ይህ ዘንግ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። በክንፎቹና በቤታቸው ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። ወደ አንድ ወገን ያዳላች ቅንጣት ክብደት በዚያ ፍጥነት ዘንጉን ታንቀጠቅጠውና ክንፎቹ ግድግዳውን ይፍቃሉ። ስለዚህ ፋብሪካው ውስጥ መዘውሩ ይሽከረከራል፣ የሚያዳላበት ቦታ ይለካል፣ ከዚያች ቦታ ብቻ ጥቂት ብረት ይነሣል። አስተካክለው የሠሩትን ሥራ እንደገና መዝኖ እንዲህ ማረም ለእኔ የሙያ ልዕልና ነው።

ኩሽኔታም የለበትም። ዘንጉ የሚዞረው በነሐስ ቀለበቶች ውስጥ ነው፤ ቀለበቶቹ ራሳቸው በዘይት ላይ ተንሳፍፈው ይዞራሉ፤ ሁሉ ነገር ደኅና ሲሆን ብረት ብረትን አይነካም። የአየሩን መዘውር የሚያስረው ዳዶ ደግሞ ወደ ግራ የሚጠብቅ ነው፣ የዘንጉ ዙር እንዳያላላው። ዳገቱን ጨርሶ የደረሰ ሾፌር ሞተሩን ወዲያው ሳያጠፋ ጥቂት በቀስታ የሚያሠራው ለዚሁ ዘንግ ብሎ ነው። ሞተር ሲጠፋ የዘይቱ ፓምፕ አብሮ ይቆማል፤ በጋለው ዘንግ ላይ የቀረው ዘይት ይከስላል።

ሬኖ እ.ኤ.አ. በ1977 የመጀመሪያውን ባለ ቱርቦ መኪና ወደ ፎርሙላ ዋን ሲያመጣ፣ መኪናው እየጨሰ መንገድ ላይ ስለሚቀር “ቢጫው ማንቆርቆሪያ” የሚል ስም ወጣለት። በ1979 ግን ደቡብ አፍሪካ፣ ኪያላሚ ላይ፣ ዣን ፒየር ዣቡዊ በባለ ቱርቦው ሬኖ ከሁሉም ፈጥኖ የመጀመሪያውን መነሻ ቦታ ያዘ። ቱርቦ በዚህ ውድድር ታሪክ ቀዳሚውን መነሻ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። ኪያላሚ ከባሕር ጠለል 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የሌሎቹ ሞተሮች ትንፋሽ ሲያጥራቸው የሬኖው አየሩን አጭቆ ይጎርስ ነበር። በዚያው ዓመት ዣቡዊ ፈረንሳይ ውስጥ ዲዦን ላይ አሸነፈ። ከ2014 እስከ 2025 የተነዱት መኪኖች 1.6 ሊትር ሞተር ነበራቸው፤ ለቱርቧቸው ደንቡ የፈቀደው ጣሪያ በደቂቃ 125 ሺህ ዙር ነበር። መርሁ ጋራዡ ጨርቅ ላይ ከተጋደመው ዘንግ አይለይም።

ስለ ጎማ ቀለማት ብዙ አልልም፤ ቀዩ ለስላሳ፣ ቢጫው መካከለኛ፣ ነጩ ጠንካራ ነው፤ ማንም በአንድ ቀን ይለምደዋል። ፍሬኑ ግን ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ከጋሸና ወዲያ ወደ ድልብ የሚወርድ የጭነት መኪና ሾፌር ፍሬኑን ረግጦ አይወርድም፤ በማርሽ ይዞ ይወርዳል፣ አለዚያ ሸራው ይግልና አልይዝ ይላል። የፎርሙላ ዋን ዲስክ ከካርበን የተሠራ ነው፤ እስከ 2025 በተነዱት መኪኖች ውፍረቱ 32 ሚሊሜትር ሲሆን በዚያች ጠርዝ ዙሪያ ከ1 ሺህ በላይ ቀዳዳዎች ተበስተው ነበር። እያንዳንዷ ቀዳዳ ከጎረቤቷ ሳትገናኝ ወደ መሃል ትዘልቃለች። ሙቀቱ 1,000 ዲግሪ ሲደርስ ዲስኩን የሚያተርፈው በእነዚህ ቀዳዳዎች የሚያልፈው አየር ነው።

የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ስንዘግብ 25ቱን ዙር በሰከንድ እየቆጠርን፣ ማን ዙሩን እንዳከረረ፣ ማን ከኋላ ተደብቆ ጉልበት እንደቆጠበ ለአድማጭ እንነግራለን። የመኪና ውድድር ላይ ስንደርስ ግን “አለፈው፣ ቀደመው” ብቻ ይቀረናል። እነዚያን ቀዳዳዎች ለሰረሰሩ፣ ያንን መዘውር ለመዘኑ እጆች ይህ ያንሳል።

ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ቡድኖቹ ትልልቁን ክንፍ ይገጥማሉ፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ግን ክንፉ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነው በጥቂቱ ነው። ፍሬኑም በስሱ አየር እንደልቡ አይበርድም። አሽከርካሪው ኩርባው ሳይደርስ ነዳጁን ቀድሞ ሲለቅ ደክሞት ወይም ፈርቶ አይደለም፣ ዲስኮቹን እያሳረፈ ነው። ከፊቱ ካለው መኪና ኋላ ተጠግቶ ሲነዳ ደግሞ ቀዳዳዎቹ የሚያገኙት የዚያን መኪና ትኩስ አየር ስለሆነ፣ ቀጥታው ላይ ለማለፍ ሳይሞክር እንኳ ወደ ጎን ወጣ ብሎ ንጹሕ አየር ያስገባላቸዋል።